ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያጋባናቸው

የእህቴ ልጅ ገና ጡት እየጠባች ሳለ ልቧ ላይ ድምፅ እንዳለ ተነገረን። በኢኮ፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ፣ ስትታይም ሕመሙ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከንፈሩንና ጥፍሩን የሚያጠቁረው የልብ አፈጣጠር ችግር መሆኑ ታወቀ። ወሬው በደረሳቸው ማግስት የእህቴ አማት ከሳቢያን በባጃጅ መጡና፣ ልጅቱን ታቅፈው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ኖሮም አያውቅ፤ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው ያጋባናቸው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የልጅ ልጃቸውን አብዝተው የሚወዱ ሴት ናቸው። ሆኖም አንዱ ዘር ነጻ ነኝ ሲል ሌላው መጠርጠሩ አይቀርም፤ እህቴም ያን ቀን አቀርቅራ ዋለች።

እኔ በዚሁ በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በክፍል ውስጥ ዘርን የማስተምረው በሜንዴል አተር ነው፤ ረጅምና አጭር፣ ለስላሳና ሽብሽብ፣ ሦስት ለአንድ። ልብ እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚበላሽ ለመረዳት ግን አተሩ ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ ከማስተማሪያው መጽሐፍ ውጭ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ሐኪሞችንም እየጠየቅኩ ቆየሁ። ከሁሉ ይልቅ ሲከነክነኝ የኖረው የአማቷ አነጋገር ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ከምን ያድናል? ከምንስ አያድንም?

አስቀድሞ የጊዜው ጉዳይ ይነሣ፤ በሰፈር የተወራው አብዛኛው ነገር በዚህ ብቻ ይፈርሳልና። አንዷ ጎረቤት፣ እህቴ በሰባት ወሯ ሰርግ ቤት ጫት መቃሟን አነሣች። ሌላዋ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ባደረ ሌሊት መደንገጧን አስታወሰች። ጫት ለእርጉዝ ሴት እንደማይበጅ፣ ከሚወለደው ልጅ ክብደት ማነስ ጋርም እንደሚያያዝ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ በዚህ አልከራከርም። የሰው ልብ ግን በሰባተኛው ወር አይሠራም። ከፅንስ በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ፣ እናትየው የወር አበባዋ በሳምንት ዘገየ ብላ ገና በምትጠራጠርበት ጊዜ፣ ሽሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሳለ ልቡ መምታት ይጀምራል። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ አራቱ ክፍሎች፣ በመካከላቸው ያሉት ግድግዳዎች፣ ደም የሚያሳልፉት በሮችና ሁለቱ ትላልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው በአብዛኛው ማደግ ብቻ ነው። በሰባተኛው ወር የተቃመ ጫት፣ ሥራው ካለቀ ከአምስት ወር በኋላ የመጣ ተጠርጣሪ ነው።

ልብ ሲጀመር ልብን አይመስልም። በሽሉ የራስ ጫፍ አጠገብ በግማሽ ክብ የተደረደሩ ሕዋሳት ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይሳቡና ገጥመው አንድ ቀጭን ቱቦ ይሆናሉ። መምታት የሚጀመረው በዚህ መልኩ ሳለ ነው። ቀጥሎ ቱቦው ወደ ቀኝ ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል፤ ከታች የነበረው ደም ተቀባይ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወጣል፤ በኋላም ከውስጡ ግድግዳ ይበቅልለታል። ይህን ሥራ የሚመሩት ጂኖች ራሳቸው ጡንቻ አይገነቡም። ኤንኬኤክስ2-5፣ ጋታ4 እና ቲቢኤክስ5 ከሚባሉት ዋና ዋናዎቹ ጂኖች የሚመረተው ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ሌሎች ጂኖችን የሚከፍትና የሚዘጋ ነው። የባቡር ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ የሐዲድ ማዞሪያው ነው፤ ማዞሪያውን የሚይዘው ሠራተኛ ባቡሩን አይነዳም፣ ዕቃም አይጭንም፤ በሰዓቱ ካላዞረው ግን ባቡሩ ያላሰበው አገር ይገባል፣ ሰውም ጥፋቱን የሚፈልገው ባቡሩ በደረሰበት ቦታ እንጂ መንገዱ በተለየበት ቦታ አይደለም።

የዚህ ዕውቀት መነሻ፣ ሰው ሊያምነው በሚቸግረው መንገድ፣ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ናት። የዝንብ ልብ ጀርባዋ ላይ የተዘረጋ ተራ ቱቦ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች አንድ ጂን የጎደላት ዝንብ ጭራሽ ልብ እንደማይበቅልላት አዩ፤ ጂኑንም ልብ በሌለው የልጆች ተረት የቆርቆሮ ሰው ስም «ቲንማን» አሉት። የዚህ ጂን ዘመድ በአይጥም በሰውም አለ፤ እሱም ኤንኬኤክስ2-5 ነው። ከአባትና ከእናት የሚወረሱት ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች የጠፉበት የአይጥ ሽል ቱቦው ይሠራለታል፣ ይመታልም፤ ነገር ግን መጠማዘዝ ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀርና ይሞታል። በሰው ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ በሚታይባቸው ቤተሰቦች ውስጥ ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱ መበላሸት ብቻ ለሕመም እንደሚበቃ ተረጋገጠ። ጂን ወይ አለ ወይ የለም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ በእነዚህ ጂኖች ግን የመጠን ጉዳይ አለበት። አንደኛው ቅጂ ጤነኛ ቢሆንም በግማሽ የፕሮቲን መጠን ሥራው በወቅቱ አይደርስም።

ወደ እህቴ ልጅ ሕመም ልመለስ። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት አራት ጉድለቶች በአንድነት የሚገኙበት ነው፤ በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፣ ዋናው ደም ቅዳ አኦርታ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል፣ የቀኙ ጡንቻም ወፍሯል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኢትየን ሉዊ ፋሎት በማርሴይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 አራቱን አዛምዶ የጻፈው እንዲህ ነው። «አራት» የሚለው ቁጥር ቤታችንን አስደንግጦት ነበር፤ አንድ ልብ እንዴት አራት በሽታ ይችላል ተባለ። ሆኖም አራቱ በመሠረቱ አንድ ናቸው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ መጀመሪያ አንድ ነው፤ በኋላ በመሐሉ በሚበቅል ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ሰውነት የሚሄድ ሆኖ። ይህ ግድግዳ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ከበቀለ የሳንባው መንገድ ይጠብባል፤ ከታች ከሚመጣው ግድግዳ ጋር ስለማይገናኝም ቀዳዳ ይቀራል፤ አኦርታም በቀዳዳው ላይ ይሆናል። የጡንቻው መወፈር የኋላ ኋላ የመጣ ነው፤ በጠባብ መንገድ ደም የሚገፋ ጡንቻ ይደነድናል። ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ መዛነፍ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

ያንን ግድግዳ የሚሠሩት ሕዋሳት የልብ ተወላጆች ብቻ አይደሉም፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ አስደንቆኛል። የመጀመሪያው ቱቦ በአብዛኛው የሚሰጠው የታችኛውን ግራ ክፍል ነው። የታችኛው ቀኝ ክፍልና መውጫው ቧንቧ ከሌላ የሕዋሳት ስብስብ ዘግይተው የሚጨመሩ መሆናቸው በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚህም ሌላ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ከሚታጠፉበት ጫፍ የሚነሡ ስደተኛ ሕዋሳት በጉሮሮ በኩል ተጉዘው መውጫውን ለሁለት ይከፍሉታል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ከርቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ሥራ እነዚህን ሕዋሳት ከጫጩት ሽል ላይ ሲያነሡ ቧንቧው ሳይከፈል ቀረ። እነዚሁ ስደተኞች በመንገዳቸው ላይ የፊትን አጥንት፣ ላንቃን፣ በአንገትና በደረት ያሉ ዕጢዎችን በመሥራት ይሳተፋሉ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው አዲስ አበባ ያየኋት የልብ ሐኪም ሥራ የገባኝ። ልጅቱ ሶፋው ላይ እንደተኛች ሐኪሟ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በመጀመሪያ ያደረገችው አፏን በትንሽ መብራት ማየት ነበር። ላንቃዋን አየች፣ እንጥሏን አየች፣ ጆሮዎቿን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያ ለደም ምርመራ ካልሲየም ጨምራ ጻፈች። እህቴ «ልቧን አይደለም እንዴ ያመማት?» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ሐኪሟ የምትፈልገው ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ የአንድ ቁራጭ መጉደልን የሚያሳዩ ምልክቶች ነበር። ቁራጩ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ይይዛል፤ በውስጡ ካሉት ጂኖች መካከል ቲቢኤክስ1 የሚባለው የልብን መውጫ ከሚያዘጋጁት ዋናው ነው። ጉድለቱ ያለባቸው ልጆች ከልብ ሕመሙ ጋር የተሰነጠቀ ወይም ደካማ ላንቃ፣ ዝቅተኛ ካልሲየም፣ አንዳንዴም ለበሽታ የተጋለጠ ሰውነትና የትምህርት መዘግየት ይኖራቸዋል። ከ4,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይከሰታል፤ ቴትራሎጂ ካለባቸው ልጆች ውስጥም ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ይገኛል። የእኛዋ ልጅ ላንቃም ካልሲየምም ጤነኛ ሆነ።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ቁራጩ ከጎደለባቸው አሥር ልጆች የዘጠኙ ወላጆች ሁለቱም ጤነኛ ክሮሞዞም አላቸው። በቁራጩ ግራና ቀኝ በጣም የሚመሳሰሉ ረጃጅም የፊደል ድግግሞሾች ስላሉ፣ እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ ሳይስተካከሉ ይገጥማሉ፣ መሐሉም ይወድቃል። ማንም የበላው፣ ማንም የሠራው ኃጢአት የለበትም። የዳውን ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ተጨማሪው 21ኛ ክሮሞዞም ብዙውን ጊዜ እንቁላሉ ሲዘጋጅ የሚመጣ ነው፣ ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉም የልብ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። በእንዲህ ያለው ነገር ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር ለውጥ የለውም።

ታዲያ የአባቶች ቆጠራ ከንቱ ነው? አይደለም፤ እንዲያውም ስሌቱ ያስደስታል። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች የሆኑ ተጋቢዎች ከጂኖቻቸው በአማካይ ከስምንት አንዱን ይጋራሉ። የጋራ ቅድመ አያታቸው በሰባተኛው ትውልድ ላይ ያለ ሰዎች ግን የሚጋሩት ከ8,192 አንድ ነው፤ ከባዕድ የሚለያቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህ የሚጠቅመው፣ ሕመም ለማምጣት ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ቅጂ መገናኘት ለሚያስፈልጋቸው ጂኖች ነው። ከልብ ጋር የሚያያዝ ምሳሌ አለ። ሽሉ ግራና ቀኙን የሚለየው፣ በላዩ ላይ ያሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ዘንጎች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ሲያፈሱት ነው። ዘንጎቹን የሚሠሩት ጂኖች ከተበላሹ ልቡ ወደ ቀኝ ሊዞር፣ ወይም ይባስ ብሎ ከፊሉ ግራ ከፊሉ ቀኝ ሆኖ ሊሳከር ይችላል። ከእነዚህ ጂኖች ብዙዎቹ ሁለት የተበላሹ ቅጂዎችን የሚጠይቁ ናቸው። በከተማችን የአጎት ልጅ ማግባት የተለመደባቸው ጎረቤቶች አሉን፤ እንዲህ ያለው ሕመም በእነሱ ዘንድ የመገናኘት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ሆኖም ከእንዲህ ያለ ጋብቻ የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸውና ነገሩን የመናቂያ ምክንያት ማድረግ ነውር ነው።

«በዘራችን የለም» የሚለው ግን ሌላ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሜሪ ሆልትና ሳሙኤል ኦራም የተባሉ የለንደን ሐኪሞች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የልብ ቀዳዳና ያልተስተካከለ አውራ ጣት አብረው ሲወረሱ ጽፈዋል፤ ምክንያቱ ቲቢኤክስ5 መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ታወቀ። እዚህ ላይ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድልም ግማሽ ነው። ጉዳቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አያት አውራ ጣታቸው ትንሽ ቢዛነፍ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳቸዋል? ኤንኬኤክስ2-5 በተበላሸባቸው ቤተሰቦችም አንዱ ቀዳዳ ይዞ ሲወለድ፣ ሌላው ቀዳዳ የሌለው ሆኖ የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ እየደከመ ይሄዳል፤ ካልታወቀለትም በጎልማሳነቱ በድንገት ሊሞት ይችላል፣ ቤተሰቡም በልብ ሞተ አይልም። ኢኮ ባልነበረበት ዘመን ስለኖሩ ሰዎች «የለም» ስንል ያልታየውን ሁሉ እንዳልነበረ መቁጠራችን ነው።

ደግሞም ምክንያቱ ሁልጊዜ አይገኝም። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ በሆነ ዓይነት የልብ ጉድለት ይወለዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ ቁርጥ ያለ ምክንያት የሚገኝላቸው ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከባድ ጉድለት ካለባቸው ልጆች ከመቶ በአሥሩ ያህል ላይ በወላጆቻቸው የሌለ አዲስ የጂን ለውጥ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። የቀሩት የብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር እንደሆኑ ይታሰባል፤ እኔ እንደምረዳው ዕድልም ድርሻ አለው። ለዚህ የሚያሳምነኝ የመንትዮች ነገር ነው፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ መንትዮች ሆነው አንደኛው ልቡ ቀዳዳ ሌላው ጤነኛ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ተማሪዎቼ ጂን ዕጣ ፈንታን የሚጽፍ ብዕር አድርገው እንዳያስቡት ይህንን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

እናቶችን ከሐሜት ለመከላከል ስል ግን በእርግዝና የሚሆነው ምንም አይደለም አልልም። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት የእናት ስኳር ከፍ ብሎ ከቆየ የልብ ጉድለት ዕድል በጣም ይጨምራል። አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1941 ሩቤላ የሚባለው የሽፍታ በሽታ በእርግዝናቸው የያዛቸው እናቶች ልጆች ዓይናቸውም ልባቸውም እንደሚጎዳ አስተዋለ። አልኮል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮት፣ ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይንም በዚያው ወቅት ይጎዳሉ። መድኃኒት ያላት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር እንጂ በገዛ እጇ አታቋርጥ። መከላከያው ያለው ከእርግዝና በፊት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ሴት ብዙውን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ሆዷ መታየት ሲጀምር ነው።

ልጅቱ መራመድ ከጀመረች በኋላ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ሮጣ ቁጢጥ ትል ነበር፤ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ መሬቱን በጣቷ እየጫረች። ማንም አላስተማራትም። ቁጢጥ ሲባል የእግር ደም ቅዳዎች ይታጠፋሉ፣ ወደ ሰውነት የሚሄደው መንገድ ይከብዳል፣ ደሙም ተገዶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በግንቦት ሙቀት ሐኪሟ አጥብቃ ያሳሰበችን ውኃ እንዳይጎድልባት ነው፤ ሰውነቷ ሲደርቅ ደሟ ይወፍራል፣ የመጥቆር ጥቃቱም ይበረታል። እንዲህ ያሉ ልጆቻችን ለረጅም ጊዜ ተስፋቸው ውጭ አገር መላክ ብቻ ነበር፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከል ከከፈተ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ይሠራል። የእኛዋም ወረፋዋ ደርሶ ተሠራላት፤ አሁን ከአጎቷ ቀድማ ደረጃ ትወጣለች።

ሐኪሟ የቤተሰቡን የትውልድ ሥዕል ስትሥል ሦስት ትውልድ ይበቃኛል ብላ ነበር። የእህቴ አማት ግን በቃል ስድስት ትውልድ ቆጠሩላት፤ በመካከሉም ለሰባት ቤት ቆጠራ ጉዳይ ስላልሆነ ማንም ያልጠየቃቸውን፣ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ወንድማቸው በሠላሳዎቹ ዕድሜው ከሥራ ሲመለስ ወድቆ መሞቱን ተናገሩ። ሐኪሟ ስሙ ላይ ምልክት አደረገችና የልጅቱ አባት ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ መስመር የሚያሳየውን ምርመራ፣ እንዲነሣ አዘዘች፤ ጤነኛ ሆነ። ለጋብቻ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ማን የማን ልጅ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን በምን ዕድሜው፣ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደሞተ ቢይዙልን ለልብ ሐኪም ትልቅ መረጃ ነው።

እህቴ ሁለተኛ ልጅ ትፈልጋለች። የመጀመሪያው ልጅ እንዲህ ያለ ሕመም ኖሮት ምክንያቱ ካልተገኘ፣ ለሚቀጥለው ያለው ዕድል ከመቶ አንድ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሦስት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከመቶ 97ቱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ስኳሯን ተመርምራለች፤ ፎሊክ አሲዱንም ከአሁኑ ጀምራለች፣ በዋነኛነት ለሕብለ ሰረሰር ቢሆንም። ስታረግዝ የሽሉ ልብ በኢኮ እንዲታይ ተነግሯታል። አማቷ ይህን ሲሰሙ «በስንት ወሯ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሐኪሞች የሚቆጥሩት በሳምንት እንደሆነ፣ የሚታየውም ከ18ኛው እስከ 22ኛው ባለው ጊዜ እንደሆነ ነገርኳቸው።